ውሻ ማስረከብ፦ ባንኮኒው ጋ ከመድረሳችን በፊት

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ስቴት ውሻውን ለሕዝብ የእንስሳት መጠለያ የሚያስረክብ ሰው አንድ ወረቀት ይፈርማል። ወረቀቱ ሦስት ነገር ይዟል። በውሻው ላይ ያለኝን መብት ሁሉ ትቻለሁ። ከእኔ ሌላ ባለመብት የለውም። ውሻው ወዲያውኑ በመርፌ ሊገደል እንደሚችል አውቄያለሁ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ሳያነብ ነው የሚፈርመው። ከኋላ ሌላ ሰው ተሰልፏል፣ ልጅ መኪና ውስጥ ያለቅሳል፣ ውሻው ገመዱን ይጎትታል። በዚህ መሃል ማን ያነባል?

ያቺ መስመር ለማስፈራራት የገባች አይደለችም። የስቴቱ ሕግ ነው ትፈረም የሚለው። እርግጥ በሰሜን ቨርጂኒያ፣ የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርበት በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ አካባቢ ያሉ መጠለያዎች፣ ጤነኛና ሰው የሚለምድ ውሻ ለመግደል አይቸኩሉም። ሕጉ ግን ለዚህ ውሻ የሰጠው ቀን የለም። ቦታ ሲሞላ፣ ውሻው ደግሞ ፈርቶ ጥግ ይዞ ሲያጉረመርም፣ የዚያ ቀን አለመኖር ይታወቃል።

መንገድ ላይ የተገኘ ውሻ ግን ቀን አለው። በዚያው ስቴት ቢያንስ 5 ቀን መቆየት አለበት፤ ቆጠራውም የሚጀምረው ከገባበት ማግስት ነው። አንገቱ ላይ ማሰሪያ ወይም መለያ ካለ ሌላ 5 ቀን ይጨመርለታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባለቤቱ እየፈለገው ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ራሱ አምጥቶ ያስረከበውን ግን ማን ይመጣለታል ተብሎ ይጠበቃል? ስለዚህ ነገሩ ይገለበጣል። ባለቤት የሌለው የሚመስለው ውሻ ዋስትና ሲኖረው፣ ባለቤቱ በእጁ ይዞት የመጣው የለውም። የቀኑ ብዛት ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ልዩነቱ ግን በብዙ ቦታ አለ።

ታዲያ ይህን የሰማ ብልጥ ሰው ወዲያው የሚያስበው ነገር አለ። «መንገድ ላይ አገኘሁት» ብል ምን አለበት? ክፍያም የለ፣ ጥያቄም የለ፣ ሐፍረትም የለ። ውሻውም አምስት ቀን ያገኛል። እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ የመጠለያ ሠራተኞችም ጠንቅቀው ያውቋቸዋል። ውሻው ከሰውየው እግር ሥር አይለይም፣ ስሙ ሲጠራ ጆሮውን ያቆማል፣ መኪናው ሲነሳ ያላዝናል። ከዚያ በትከሻው መሃል ስካነር ያልፍና ከቆዳው ሥር ከተቀበረች ትንሽ ቺፕ ባለ 15 አሐዝ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ ወደ ስልክ ይመራል፤ ስልኩም እዚያው ባንኮኒው ላይ ይጮሃል።

ቺፕ ባይኖረውም ውሸቱ ራሱን ውሻውን ይጎዳዋል። ያገኘው ሰው ታሪኩን አያውቅም ማለት ነው። ከልጆች ጋር ማደጉ፣ ክትባት መውሰዱ፣ ድመት ሲያይ ማበዱ፣ የነጎድጓድ ድምፅ ሲሰማ አልጋ ሥር መግባቱ፣ ይህ ሁሉ ባንኮኒው ላይ ይቀራል። መጠለያው የሚያየው አንድ የፈራ፣ ስም የሌለው፣ ትልቅ ውሻ ነው። እንዲህ ያለው ውሻ ነው ማንም ሳይወስደው የሚከርመው። በሌሊት ፓርክ ወስዶ መልቀቅ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ በቨርጂኒያ ወንጀል ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ መጠለያ የገቡት ውሾችና ድመቶች ወደ 6 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ከአሥሩ ስድስቱ ያህል ከመንገድ የተገኙ ናቸው። ሦስቱ ያህል ደግሞ ባለቤቶቻቸው ያስረከቧቸው። በዚያው ዓመት ከ600 ሺህ የሚበልጡት ተገድለዋል። ከወረርሽኙ ወዲህ ደግሞ ትልልቅ ውሾች ለመወሰድ የሚፈጅባቸው ጊዜ ረዝሟል።

ሰው ውሻውን የሚያስረክበው ጨካኝ ስለሆነ ነው የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እኔ አይመስለኝም። ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ የኪራይ ቤት ነው። አከራዩ በውሉ ላይ የተከለከሉ ዝርያዎችን ይዘረዝራል። ሮትዋይለር፣ ፒት ቡል፣ አንዳንዱ ጀርመን ሼፐርድንም ይጨምራል። ክብደት የሚወስንም አለ። የቤት ኢንሹራንስ ኩባንያዎችም ተመሳሳይ ዝርዝር አላቸው። ለውሻው ተቀማጭ ከተከፈለ በኋላ በየወሩ «የውሻ ኪራይ» የሚጠየቅበት ሕንፃም ሞልቷል። ሥራ ያጣ ወይም ቤት የቀየረ ሰው መጀመሪያ የሚጨንቀው የልጆቹ ትምህርት ቤት ነው። ቀጥሎ ውሻው ነው።

በእኛ ቤት ደግሞ የራሳችን ምክንያቶች ይጨመራሉ። ልጆቹ በኮሮና ጊዜ አልቅሰው ያስገዙት ቡችላ ዛሬ 30 ኪሎ ሆኗል፤ ልጆቹም ኮሌጅ ገብተዋል። እማማ ከአገር ቤት መጥተው አብረው መኖር ጀምረዋል። ለእሳቸው ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ሶፋ ላይ አይወጣም። ጸሎት ወደሚያደርሱበት ክፍል ሲገባባቸው ቤቱ ይታመሳል። በሙስሊም ቤተሰብም የውሻ ምራቅ ልብስ ከነካ ሌላ ጣጣ ነው። ይህን ንቆ «ኋላ ቀርነት ነው» ማለት ቀላል ነው፤ ግን አምስት ሰው በሚኖርበት አፓርታማ የአንዱ ሰው ሰላም ማጣት ቀልድ አይደለም።

ሌላው ምክንያት ዝርያን በመልኩ መምረጥ ነው። ሃስኪ ዓይኑ ሰማያዊ ስለሆነ ይገዛል። ይህ ውሻ በበረዶ ላይ ሸክም እየጎተተ ረጅም መንገድ እንዲሮጥ የተራባ ነው። አንድ መኝታ ባለው አፓርታማ ለአሥር ሰዓት ተዘግቶበት ቢውል በሩን ይቦጫጭራል፣ ትራስ ይቀዳል፣ ጎረቤት እስኪከስ ያላዝናል። ጠጉሩም በዓመት ሁለት ጊዜ በነቂስ ይረግፋል። ቤልጂየም ማሊንዋ የሚባለው ደግሞ የፖሊስና የወታደር ውሻ ነው። ሥራ ካልሰጡት ራሱ ሥራ ይፈጥራል፤ የሚፈጥረው ሥራ ደግሞ አይወደድም።

የዝርያ ሬስኪው የሚባሉት ድርጅቶች የመጡት እዚህ ላይ ነው። አንድን ዝርያ በሚወዱና በሚያውቁ ሰዎች የተቋቋሙ፣ አብዛኞቹ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠሩ ናቸው። የጀርመን ሼፐርድ አለ፣ የላብራዶር አለ፣ የሃስኪ አለ፣ የቺዋዋ አለ። በ1884 ተመሥርቶ የዘር መዝገብ በሚይዘው በአሜሪካን ኬነል ክለብ ሥር ያሉት የዝርያ ክለቦችም ብዙዎቹ የሬስኪው ክንፍ አላቸው። ስለ ዝርያው የሚያውቁት ነገር እውነተኛ ሀብት ነው። ተራ መጠለያ «ይህ ውሻ እረፍት የለሽ ነው» ብሎ የሚጽፍበትን ሃስኪ፣ የሃስኪ ሰዎች አይተው «ጤነኛ ነው፤ ሩጫ ነው ያጣው» ይላሉ።

የግሬይሃውንድ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። እሽቅድምድም የሚሮጡ ውሾች ጡረታ ሲወጡ የሚቀበሏቸው ቡድኖች ለአሥርት ዓመታት ሠርተዋል። የፍሎሪዳ መራጮች በኅዳር 2018 የውሻ ውርርድ ሩጫ እንዲቆም ድምፅ ሰጡ፤ የመጨረሻው ቀን ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች በአንዴ ሜዳ ላይ ይወድቃሉ የሚል ሥጋት ነበር። አልሆነም። መረቡ ቀድሞ ተዘርግቶ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ሩጫው በዌስት ቨርጂኒያ ስቴት ብቻ ቀርቷል፤ ግሬይሃውንድ የሚፈልጉ ቤተሰቦችም ወረፋ ይጠብቃሉ። ውሻ ሳይሆን ሰው ነው የሚጠብቀው።

ግን ሬስኪውን እንደ ተአምር ማየት አያስፈልግም። ብዙዎቹ ሕንፃ የላቸውም። ያላቸው የሰዎች ቤት ነው። ውሻው አንድ በጎ ፈቃደኛ ቤት ሄዶ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይቀመጣል፤ ፎስተር የሚሉት ይህንን ነው። ስለዚህ አቅማቸው የሚለካው ባዶ በሆነ ሳሎን ቁጥር ነው። «ዛሬ ማታ ቤት እለቃለሁ፣ ኑና ውሰዱልኝ» ብሎ ለሚደውል ሰው መልሳቸው ይቅርታ ነው። ሐሳቡ ከመጣ ጀምሮ መደወል ይሻላል። ሁለት ወር ቀድሞ የደወለ ሰውና በሁለት ቀን ውስጥ የሚፈልግ ሰው የሚያገኙት መልስ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ከሬስኪውም በፊት የሚደወልበት ሌላ ስልክ አለ። ውሻው የተገዛው ከአራቢ ከሆነ ውሉን አውጥታችሁ እዩት። ደህና አራቢ ውሻው በሕይወት እስካለ ድረስ መልሶ እንደሚቀበል በውሉ ላይ ይጽፋል። እንዲያውም ለሌላ እንዳትሰጡ የሚከለክል አለ። ውሻው ከሬስኪው የተወሰደ ከሆነም ነገሩ ያው ነው፤ ውሉ ወደዚያው መልሱ ይላል። ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ሬስኪው ሲቀበል ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ይጠይቃል፤ ብዙ ይጠይቃል። የሐኪም መዝገብ፣ የክትባት ወረቀት፣ ዕድሜ፣ መኮላሸቱን ወይም መምከኗን። ምግብ ላይ ሲነኩት ምን ያደርጋል? ከልጆች ጋርስ? ብቻውን ሲቀር? ከዚያ ደም ወስዶ የልብ ትል ይመረምራል። የልብ ትል በትንኝ የሚተላለፍ ነው፤ እንደ ቨርጂኒያ ባለ እርጥብና ሞቃት አካባቢ የተለመደ ነው። ሕክምናው ወራት ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ውሻው መሮጥ አይፈቀድለትም፤ ወጪውም ቀላል አይደለም። ለዚህ ነው አንዳንዱ ሬስኪው ከአስረካቢው የተወሰነ መዋጮ የሚጠይቀው። «ውሻዬን ወስደው ገንዘብም ይጠይቁኛል እንዴ?» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እኔ እንኳን ተገቢ ይመስለኛል። ውሻው ከእኛ ቤት ሲወጣ ወጪው አብሮት ይወጣል እንጂ አይጠፋም።

ከተፈረመ በኋላ ውሻው የእነሱ ነው። የት ቤት እንደገባ ላይነግሯችሁ ይችላሉ። በሳምንቱ ተጸጽቶ መልሱልኝ ማለትም አይሠራም። ይህንን ለልጆች ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። «እርሻ ሄዶ ነው» የሚለውን ተረት ልጆች ቶሎ ይደርሱበታል።

አንድ ጥያቄ ላይ ግን ሁሉም ነገር ይወሰናል። ሰው ነክሶ ያውቃል?

እዚህ ላይ ይሉኝታ ያንቀናል። «ያቺ እንኳን ንክሻ አትባልም»፣ «ልጁ ነው ጭራውን የጎተተው»፣ «ጫር ነው ያደረገው»። ሰው የሚዋሸው ውሻው ተቀባይ እንዳያጣ ፈርቶ ነው። ይገባኛል። ግን በ2017 በቨርጂኒያ ቢች አንዲት አዛውንት ቤታቸው በገባ ማግስት እንኳን ሳይሆን በዚያው ቀን ከማደጎ በመጣ ውሻ ተነክሰው ሞተዋል። ውሻው ከዚያ በፊት ሕፃን ልጅ ነክሶ ነበር፤ ቤተሰቡ ግን አልተነገረውም። በቀጣዩ ዓመት የስቴቱ ሕግ ተለወጠ። አሁን መጠለያም ሆነ ሬስኪው ውሻ ሲቀበል ነክሶ ያውቃል ወይ ብሎ የመጠየቅና መልሱን የመመዝገብ ግዴታ አለበት። ለሚወስደው ሰውም ቀድሞ መንገር አለበት። ስለዚህ ባንኮኒው ላይ የሚመጣው ጥያቄ ወሬ ለማሳመር አይደለም።

እውነቱን መናገር ውሻውን ሁልጊዜ አያስገድለውም። መቼ፣ ማንን፣ በምን ምክንያት፣ ቆዳ ተቀደደ ወይ፣ ይህ ሁሉ ይታያል። አጥንት ሊቀማ የሞከረን ሰው የነከሰና መንገደኛን አባርሮ የነከሰ አንድ አይደሉም። በርግጥ ብዙ ሬስኪዎች የነከሰ ውሻ አይቀበሉም፤ የኢንሹራንስና የኃላፊነት ጉዳይ ነው። አንዳንድ ጊዜም የሚቀረው መንገድ ሐኪም አማክሮ ውሻውን በራስ እጅ፣ በሚያውቀው ሰው ፊት ማሰናበት ነው። መራራ ነው። ለማያውቅ ቤተሰብ ከማሳለፍ ግን ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የሬስኪው ሌላ ችግር ደግሞ ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። የዝርያ ሬስኪው ዝርያ ላለው ነው። ከሦስት ዓይነት የተደባለቀው፣ እናቱም አባቱም የማይታወቀው ውሻ የሚደወልለት ክለብ የለውም። ግማሽ ሼፐርድ ከሆነ ፎቶውን አይተው ሊራሩለት ይችላሉ። አለዚያ መንገዱ ዝርያ ወደማይመርጥ ሬስኪው ወይም ወደ ተራ መጠለያ ነው፤ ወይም ባለቤቱ ራሱ ሰው ይፈልግለታል።

ራስ መፈለግ መጥፎ አይደለም። እንዲያውም ውሻው መጠለያ ሳይረግጥ ከቤት ወደ ቤት ቢሄድ ይመረጣል። በነጻ እሰጣለሁ ብሎ ማስታወቂያ ማውጣት ግን አይመከርም። በነጻ የተገኘ ነገር ላይ ሰው አይጠነቀቅም፤ ሰብስቦ የሚሸጥም አለ። መጠነኛ ዋጋ ጠይቁ። የሚወስደውን ሰው ቤት ሄዳችሁ እዩ። የሐኪም መዝገቡን አስረክቡ። ከሁሉ በላይ የቺፑን ምዝገባ ወደ አዲሱ ባለቤት አዙሩ። ይህ በብዙ ቤት የሚረሳ ነገር ነው። ውሻው ከሦስት ዓመት በኋላ ሲጠፋ ስልኩ የሚደወለው ለእናንተ ይሆናል። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ አንድ የቺፕ መዝጋቢ ድርጅት በድንገት ሥራ አቁሞ ብዙ ቁጥሮች የትም የማይመሩ ሆነው ነበር። የራሳችሁን ውሻ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ አስገብታችሁ የት እንደተመዘገበ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ሌላኛው ውሻ እንሂድ፤ በእውነት መንገድ ላይ ወደተገኘው።

ከሥራ ስትመለሱ ፓርኪንጉ ላይ አንድ ውሻ ቆሟል። አንገቱ ላይ ማሰሪያ አለ፣ ሰው የለም። በቨርጂኒያ ውሻውን ወደ ቤት ያስገባ ወይም አስሮ ያቆየ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ሁለት ነገር ማድረግ አለበት። ባለቤቱ የሚታወቅበት መንገድ ካለ ሊያሳውቀው መሞከር፣ እንዲሁም ውሻው የተገኘበትን አካባቢ የሚያገለግለውን የሕዝብ መጠለያ ማሳወቅ። የውሻውን መልክ፣ የተገኘበትን ቦታና ስልካችሁን ትሰጣላችሁ። «አገኘሁት፣ ወደድኩት፣ የእኔ ነው» የሚባል ነገር የለም። ውሻ በሕግ ንብረት ነው፤ የሰው ንብረት ደግሞ በማግኘት ብቻ አይወረስም።

ሲይዙትም ዘዴ አለው። የሚሮጥን ውሻ ማባረር ወደ አስፋልት መንዳት ነው። ቁጭ በሉ፣ ጎን ስጡት፣ ዓይን ዓይኑን አትዩት። የምግብ ፍርፋሪ ወርውሩ፤ መጀመሪያ ከእናንተ አርቃችሁ፣ ቀስ በቀስ አቅርባችሁ። የመኪና በር ከፍቶ መጠበቅ አንዳንዱ ላይ ይሠራል፤ መኪና የለመደ ውሻ ዘሎ ይገባል። ካጉረመረመ፣ ሲራመድ ካነከሰ ወይም ለሃጩ ከተዝረከረከ ተዉት፤ ለአካባቢው የእንስሳት ተቆጣጣሪዎች (አኒማል ኮንትሮል) ደውሉና ከሩቅ ሆናችሁ በዓይን ጠብቁት። ከያዛችሁት በቅርብ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት። ብዙዎቹ ቺፑን በነጻ ያነባሉ። ፎቶ ስትለጥፉ አንድ ምልክት ደብቁ፤ ደረቱ ላይ ያለች ነጭ ነጠብጣብ ወይም የማሰሪያው ቀለም ሊሆን ይችላል። የእኔ ነው የሚል ሲመጣ ያንን ጠይቁት። ባለቤት ከሆነ በስልኩ ውስጥ መቶ ፎቶ አይጠፋም።

እኛ ኢትዮጵያውያን የማናውቀው ውሻ ሲጠጋን ወደ ኋላ እንላለን። ልጆቻችን ይስቁብናል። መሳቅ የለባቸውም። አሜሪካ በ2007 ከውሻ ወደ ውሻ የሚዞረውን የእብድ ውሻ በሽታ ማጥፋቷን አስታወቀች፤ አሁን በሽታው የሚዞረው በሌሊት ወፍ፣ በራኩንና በመሳሰሉ የዱር እንስሳት ነው። እኛ ያደግንበት አገር ግን እንደዚያ አይደለም። በዓለም ላይ ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 ከመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ከሚነከሱት መካከል ደግሞ ብዙ ሕፃናት አሉ። አዲስ አበባ ፓስተር ሄዶ ለብዙ ቀናት ሆዱ ላይ መርፌ የተወጋ ሰው በየሰፈሩ ነበር። ያ ከበግ አንጎል የሚሠራው አሮጌ ክትባት ነው። ዛሬ በክንድ የሚሰጥ፣ በቁጥርም ያነሰ ክትባት አለ።

የትም ሁኑ የትም፣ የማታውቁት ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ ሐኪም ቤት። ጸበልም ይሁን የባሕል መድኃኒት የሚከተል ሰው ክትባቱን ወስዶ ይከተል፤ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም። አሜሪካ ውስጥ የነከሰ ውሻ ለ10 ቀን በክትትል ይቆያል። ቫይረሱ ምራቅ ውስጥ የሚገባው በሽታው ሊገለጥ ሲል ስለሆነ፣ በአሥረኛው ቀን ውሻው ጤነኛ ከሆነ ሲነክስ አላስተላለፈም ማለት ነው። ውሻውን አባርሮ መግደል ወይም እንዲጠፋ ማድረግ ይህን መልስ ያሳጣል።

በዚህ በሽታ ምክንያት ነው አሜሪካ ኢትዮጵያን ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ያስገባችው። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ የእናቱን ቤት ውሻ ማምጣት የሚፈልግ ሰው ብዙ ደረጃ ያልፋል። ውሻው ቢያንስ 6 ወር ሊሞላው ይገባል። ቺፑ ከክትባቱ በፊት መግባት አለበት፤ ከተገለበጠ ክትባቱ አይቆጠርም። የደም ምርመራ ውጤት ከታወቀ ቤተ ሙከራ መምጣት አለበት። ያ ከሌለ 28 ቀን ለይቶ ማቆያ ውስጥ ይቆያል፤ ወጪውም የባለቤቱ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ማታ ማታ በቡድን የሚጮሁት ውሾች ሁሉ ዱር የተወለዱ አይደሉም። ብዙዎቹ ግማሽ ባለቤት አላቸው። አንዷ ሱቅ ትርፍራፊ ትሰጣለች፣ ዘበኛው ስም አውጥቶላቸዋል። ከግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም የገባ ቤተሰብ ቡቺን አራተኛ ፎቅ ይዞ አይወጣም። ግቢው ሲፈርስ ቡቺ እዚያው ሰፈር ይቀራል። ሴት ከሆነች በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። የሚያስረክብበት ባንኮኒ ቢኖር ባለቤቱ ይሰለፍ ነበር ወይ? ምናልባት። አሁን ግን ሰልፍም ባንኮኒም ስለሌለ በሩን ከፍቶ ዞር ይላል።

ጨርሶ በር የለም ማለት ግን አይደለም። የፈረንጅ ውሻ ከሆነ ገበያ አለው። ሼፐርድ በቴሌግራም ከተለጠፈ ገዢ አያጣም። የሀበሻ ውሻ ነው ሜዳ ላይ የሚቀረው። አሜሪካም ውስጥ ድቅሉ ውሻ ክለብ የለውም ብለን የለ? ነገሩ እዚህም እዚያም አንድ ነው፤ ልዩነቱ አሜሪካ ውስጥ ድቅሉን የሚቀበል ሁለተኛ በር መኖሩ ነው።

የሀበሻ ውሻን በመርዝ መጨረስ ተሞክሯል። ችግሩ ሜዳው ባዶ ሆኖ አይቆይም። ቆሻሻው ገንዳ ውስጥ እስካለ ድረስ ከጎን ሰፈር ሌላ ይመጣል፤ የመጣው ደግሞ ያልተከተበ ነው። በሽታውን የሚሰብረው ከውሾቹ 70 ከመቶ የሚሆኑትን መከተብ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ሲያስተምር ኖሯል። በባሌ ተራሮች ያለው ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ2003 ከእረኞች ውሾች የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። በመላው አገሪቱ የቀሩት ከ500 የማይበልጡ እንስሳት ናቸው። እዚያ ያሉ ጥበቃ ሠራተኞች የገበሬውን ውሻ መግደል ሳይሆን መከተብ ነው የያዙት፤ እየደጋገሙ፣ ዓመት ከዓመት።

ከተማ ውስጥ ያለ ባለቤት ይህ ሁሉ እስኪስተካከል መጠበቅ አይችልም። ዕጣ ወጥቶለት ቁልፍ የሚጠብቅ ሰው ግን ወራት አሉት። በእነዚያ ወራት ውሻውን ማስከተብና ማምከን ይችላል። ጋራዥ፣ መጋዘን፣ ትምህርት ቤት፣ የእንጨት መሸጫ ሁሉ ጠባቂ ውሻ ይፈልጋል። ከዘበኛው ጋር ቀድሞ መነጋገር፣ ውሻውን ሁለት ሦስት ቀን እየወሰዱ ማለማመድ፣ በመጨረሻም ከክትባት ወረቀቱ ጋር ማስረከብ ይቻላል። ወረቀቱ ላይ የሚቀጥለው ክትባት ቀን መጻፉን አይታችሁ ስጡ፤ ዘበኛው ሲቀየር ለሚተካው ሰው የሚተላለፈው እሱ ነው።